ማኅተሙ ቦንጋ፣ ደብዳቤው ቴሌግራም ላይ

ወዳጆች፣ የዛሬው ርዕስ ላይ ላዩን ሲታይ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በመንግሥት ቢሮ ደጅ ጠንቶ የሚያውቅ፣ «ደብዳቤው አልደረሰንም» ተብሎ የተመለሰ፣ ወይም «በስማችን የሚዘዋወረው ደብዳቤ ሐሰተኛ ነው» የሚል ማስተባበያ ያነበበ ሰው ሁሉ ይመለከተዋል። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ ከመነሻው እንጀምር።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. 11ኛው ክልል ሆኖ ሲመሠረት ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው። መቀመጫውን በአንድ ከተማ ብቻ አላደረገም። ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ተርጫና ቴፒ የክልል ማዕከልነቱን ተከፋፈሉት። የካፋ ዞን ከተማ የሆነችው ቦንጋም የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ሥልጣኑም ሥራውም በአንድ ከተማ አይከማች ነው ነገሩ። ነገር ግን ዋጋ አለው። በሌላ ክልል በአንድ ግቢ ውስጥ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚወጣ ደብዳቤ እዚህ ተራራና ጫካ አቋርጦ ከከተማ ወደ ከተማ ይሄዳል።

በተግባር ምን ይደረጋል? ሁላችንም የምናውቀው ነው። ደብዳቤው በኮምፒውተር ይጻፋል፣ በወረቀት ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ቲተርና ክብ ማኅተም ያርፍበታል፣ መዝገብ ቤት ወጪ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ አንዱ ሠራተኛ በስልኩ ፎቶ ያነሳውና በቴሌግራም ወይም በግል ኢሜይሉ ይልከዋል። «ዋናው በሰው ይመጣል» ይባላል። ተቀባዩ ፎቶውን አይቶ ሥራ ይጀምራል፤ ዋናው አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴም ይረሳል። ይህ የቦንጋ ብቻ ልማድ አይደለም፤ የአገሪቱ ነው። አራት መቀመጫ ባለው ክልል ግን ችግሩ አራት እጥፍ ነው።

🔹 የማኅተም ፎቶ ማኅተም አይደለም

ማኅተም የሚታመነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ማኅተሙ በአንድ ኃላፊነት በተሰጠው ሰው እጅ፣ በተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ቀለሙ በዚያው ወረቀት ላይ ያረፈ ነው፤ ወረቀቱን ትተህ ማኅተሙን ብቻ ይዘህ መሄድ አትችልም። ፎቶ ሲነሳ ሁለቱም ይቀራሉ። ከፎቶ ላይ ማኅተም ቆርጦ ሌላ ደብዳቤ ላይ መለጠፍ ዛሬ በስልክ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቀን መቀየር፣ ከገንዘቡ መጠን ላይ አንድ ዜሮ መጨመር፣ የተመደበውን ሰው ስም መለወጥም እንዲሁ።

ለዚህ ነው በየጊዜው በቀይ ቀለም «ሐሰተኛ» ተብሎ የተጻፈባቸው ደብዳቤዎች በየተቋማቱ ገጽ ላይ ሲለጠፉ የምናየው። ልብ በሉ፤ ማስተባበያውስ ራሱ ምንድን ነው? ሌላ ማኅተም ያለበት ሌላ ፎቶ! ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ለመለየት አንባቢው ያለው መሣሪያ ግምት ብቻ ነው።

የድሮ ሰዎች ይህን ነገር በደንብ ያውቁት ነበር። የነገሥታቱ ደብዳቤ የሚታመነው በፊርማ ሳይሆን በአናቱ ላይ ባረፈው ማኅተም ነበር። ማኅተሙን የመጠበቅ አደራ የጸሐፌ ትእዛዝ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙም ከሹመቶቹ አንዱ የጽሕፈት ሚኒስትርነት ነበር። ማኅተሙ ምን ይመስላል ከሚለው ይልቅ «በማን እጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ያሳስባቸው ነበር። ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ፤ የጽሑፌ ዋና ጉዳይ እሷ ናት።

🔹 ዲጂታል ሰርተፊኬት ምንድን ነው?

በአጭሩ እንዲህ ነው። የኢሜይል ተጠቃሚው ጥንድ ቁልፎች ይኖሩታል። አንደኛው የግል ቁልፍ ነው፤ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ሌላኛው ይፋዊ ቁልፍ ነው፤ ለማንም ይሰጣል። በግል ቁልፉ የተፈረመ ደብዳቤ በይፋዊው ቁልፍ ይመረመራል። ከደብዳቤው ውስጥ አንዲት ነጥብ እንኳ ብትነካ ፊርማው ይፈርሳል፤ የተቀባዩ ፕሮግራምም ያንን ያሳውቃል። ሰርተፊኬቱ ደግሞ «ይህ ይፋዊ ቁልፍ የእገሌ ነው፣ የኢሜይል አድራሻውም ይህ ነው» ብሎ የታመነ ሦስተኛ ወገን የሚሰጠው መታወቂያ ነው።

ከወረቀት ማኅተም የሚበልጥበት ነገር አለው። የጎማ ማኅተም በሁሉም ደብዳቤ ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ይቆረጣል፣ ይለጠፋል። ዲጂታል ፊርማ ግን ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ይዘት ጋር ተሰልቶ የሚወጣ ስለሆነ በእያንዳንዱ ደብዳቤ የተለያየ ነው። ከአንዱ ቆርጦ ሌላው ላይ መለጠፍ አይሠራም።

ቴክኖሎጂው አዲስም ውድም አይደለም። ኤስ/ማይም የሚባለውን የኢሜይል ፊርማ ሥርዓት አውትሉክና የአፕል ሜይል ለዓመታት ሲደግፉት ኖረዋል፤ በነጻ የሚገኘው ተንደርበርድም ይደግፈዋል። በነጻ የሚሰጠውን ጂሜይል የሚጠቀም ቢሮ እንኳ ደብዳቤውን በተንደርበርድ በኩል ፈርሞ መላክ ይችላል።

🔹 ሕጉስ?

ሕጉ አለ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለዲጂታል ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ የሥር ሰርተፊኬት ሰጪነቱን ኃላፊነትም ለኢንሳ፣ ማለትም ዛሬ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ለምንለው ተቋም ሰጥቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ተከተለ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ደግሞ ለፋይዳ ሕጋዊ መሠረት ጣለ። ሕጉ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ በየቢሮው የምናየው ግን አሁንም የማኅተም ፎቶ ነው።

እንግዲህ አቋሜ ይህ ነው፦ ለቦንጋና ለሦስቱ እህት ከተሞች የመንግሥት ኢሜይል ተጠቃሚዎች በድረ ገጽ አማካይነት ዲጂታል ሰርተፊኬት መስጠት ይጀመር። የሰርተፊኬቱ ማመልከቻ በድረ ገጽ ይሁን፤ ማንም ሠራተኛ ለዚህ ብሎ 450 ኪሎ ሜትር አካባቢ ተጉዞ አዲስ አበባ አይሂድ። ነገር ግን ሦስት ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ ድረ ገጹ ቢከፈት ከፎቶው የባሰ ነገር ይዞብን ይመጣል። ፎቶውን ቢያንስ እንጠረጥረዋለን፤ «የተረጋገጠ» የሚል ምልክት ያለበትን ሐሰት ግን ማን ይጠረጥረዋል?

1️⃣ ቁልፉ የት ይወለዳል?

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ተጠቃሚው ድረ ገጹን ሲከፍት ማሰሻው ራሱ ጥንድ ቁልፎቹን በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ይሠራና ይፋዊውን ብቻ ይልክ ነበር። ይህን ያደርግ የነበረውን አሮጌ አሠራር ክሮም በ2017፣ ፋየርፎክስ በ2019 እ.ኤ.አ. አስወገዱት። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ሰርተፊኬት ሰጪዎች ቀላሉን መንገድ መረጡ፤ ሁለቱንም ቁልፎች በራሳቸው ሰርቨር ላይ ይሠሩና በይለፍ ቃል በተቆለፈ ፋይል ለተጠቃሚው ያስረክባሉ።

ለተጠቃሚው ይመቻል፤ እውነት ነው። ግን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ማኅተምህን አንተ ከመያዝህ በፊት ሌላ ሰው ይዞት ነበር ማለት ነው። «ቅጂ አላስቀረንም» ቢልህ ማመን እንጂ ማረጋገጥ አትችልም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። ነገ አንድ የቢሮ ኃላፊ በፍርድ ቤት «ይህን ደብዳቤ እኔ አልፈረምኩም፣ ቁልፌ ሰርቨሩም ጋ ነበር» ቢል ምን ይመለስለታል? የዲጂታል ፊርማ ክብደት የሚመነጨው ቁልፉ በፈራሚው እጅ ብቻ ከመሆኑ ነው። ያ ከጠፋ ፊርማው ጌጥ ነው።

መፍትሔ አለው። የዛሬ ማሰሻዎች በውስጣቸው ባለው የምስጠራ መሣሪያ ቁልፉን እዚያው በተጠቃሚው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ሊሠሩ ይችላሉ። ለከፍተኛ ኃላፊዎች ደግሞ እንደ ፍላሽ የሚሰካ፣ ቁልፉን በውስጡ ሠርቶ ወደ ውጭ የማያወጣ መሣሪያ አለ። ስለዚህ ቅድመ ሁኔታው አንድ መስመር ነው፦ የማንም ፈራሚ የግል ቁልፍ ቦንጋም ይሁን አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ላይ አይሠራ፣ አይቀመጥም። ይህን የምለው ተቋም ለመጠርጠር አይደለም። ያልያዘው ቁልፍ ቢሰረቅ ሰርተፊኬት ሰጪው ተጠያቂ አይሆንምና እሱንም የሚጠቅመው ይኸው ነው።

2️⃣ ሰውየውን ማን ያውቀዋል?

ድረ ገጹ ወደ ኢሜይልህ ኮድ ይልካል፤ አንተ ኮዱን ትመልሳለህ። ይህ የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን የኢሜይል ሳጥን መክፈት መቻልህን። ማን እንደሆንክ አይናገርም። ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የኢሜይል ሰርተፊኬት መስፈርትም ለዚህ ሲል ሰርተፊኬቶችን በአራት ደረጃ ለይቷቸዋል። ዝቅተኛው አድራሻውን ብቻ ያረጋገጠ ነው፤ ሌሎቹ ድርጅቱን፣ ግለሰቡን ወይም በድርጅቱ ስም የሚጽፈውን ሰው ያረጋገጡ ናቸው።

«ፋይዳ አለን አይደል?» ትሉ ይሆናል። አለን፤ ይጠቅማልም። ፋይዳ ሰውየው እገሌ መሆኑን ይነግረናል። የፋይናንስ ቢሮ ኃላፊ መሆኑን ግን አይነግረንም። ያንን የሚያውቀው የሾመው አካል ነው። ስለዚህ በአራቱም ከተሞች አንዳንድ መዝጋቢ ያስፈልጋል፤ የሹመት ወይም የምደባ ደብዳቤውን አይቶ፣ ሰውየውን በአካል አግኝቶ፣ ከዚያ በኋላ በድረ ገጹ ላይ «አረጋግጫለሁ» የሚል፣ ለዚያም ቃሉ በስሙ የሚጠየቅ ሰው። ድረ ገጽ በር ነው እንጂ ምስክር አይደለም።

ይህ ከጠፋ ምን እንደሚሆን ኔዘርላንድስ አይታለች። በ2011 እ.ኤ.አ. ዲጂኖታር የሚባለው የአገሪቱ ሰርተፊኬት ሰጪ ተሰብሮ በጉግልና በሌሎች ስም ከ500 በላይ ሐሰተኛ ሰርተፊኬቶች ወጡበት። የኔዘርላንድስ መንግሥት ራሱ የዚያ ድርጅት ደንበኛ ነበር። ድርጅቱ በዚያው ዓመት ከሰረ። ያደጉት አገሮችም የወደቁበት ቦታ ነው፤ እኛ ከእነሱ ውድቀት በነጻ መማር እንችላለን።

3️⃣ ሹም ሽር ሲመጣ ማን ይሰርዘዋል?

በእኛ አገር ኃላፊ ቶሎ ቶሎ ይዛወራል። የወረቀቱ ማኅተም ሲሆን ርክክብ ይደረጋል፤ አሮጌው ኃላፊ ያስረክባል፣ አዲሱ ይረከባል። ዲጂታል ቁልፍ ግን እንደ ቢሮ ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ የለበትም። የአሮጌው ሰርተፊኬት ይሰረዛል፣ ለአዲሱ ሌላ ይሰጣል። አለበለዚያ ከሦስት ወር በፊት የተነሳ ኃላፊ ዛሬም ሕጋዊ ደብዳቤ መፈረም ይችላል።

ስለዚህ ድረ ገጹ ላይ ከ«አመልክት» የሚለው ቁልፍ ይልቅ «ሰርዝ» የሚለው ይበልጣል። የሰው ሀብት ክፍሉ የዝውውር ደብዳቤውን ባወጣበት ዕለት ሰርተፊኬቱም መሰረዝ አለበት። ኢስቶኒያ በ2017 እ.ኤ.አ. በመታወቂያ ካርዶቿ ላይ የቁልፍ አሠራር ጉድለት ሲገኝባት ወደ 760 ሺህ የሚጠጉ ካርዶችን ሰርተፊኬት አግዳለች፤ ብዙዎቹም ባለቤቶቹ ካሉበት ሆነው በኢንተርኔት አድሰውታል። አገሪቱን ከቀውስ ያተረፋት ስህተት አለመሥራቷ ሳይሆን በፍጥነት ማገድና ማደስ መቻሏ ነው።

🔹 የሚነሡ ክርክሮች

«ኔትወርክ በሌለበት ምን ዲጂታል?» ይህ በካፋ ገጠር ወረዳዎች እውነተኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ብዙዎች ከሚጠብቁት የተለየ ነው። የተፈረመ ደብዳቤን ለመመርመር ሁልጊዜ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ፊርማው ከደብዳቤው ጋር ነው ያለው። በፍላሽ ተይዞ በሚኒባስ ቢሄድም ወረዳው ላይ ሲከፈት ይረጋገጣል። ኔትወርክ የሚያስፈልገው የተሰረዙ ሰርተፊኬቶችን ዝርዝር ለማደስ ነው፤ ያም መብራትና መስመር ባለበት ሰዓት በቀን አንዴ ሊወርድ ይችላል። ደካማ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ፎቶ ከመላክ ይልቅ የተፈረመ ጽሑፍ መላክ እንዲያውም ይቀላል፤ መጠኑ ትንሽ ነውና።

«ሠራተኛው አይችለውም።» ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመርም እንዲህ ተብሎ ነበር። ዛሬ የገበያ ነጋዴው ሚስጥር ቁጥሩን ለማንም እንደማይሰጥ ያውቃል። የግል ቁልፍ ጥበቃም ከዚያ የተለየ ጥበብ አይፈልግም።

«ኃላፊው ቁልፉን ይዞ ቢጠፋ የቢሮው ደብዳቤ ተቆልፎ ይቀራል።» ይህ ትክክለኛ ስጋት ነው፤ ግን ሁለት ነገር ያደባልቃል። የመፈረሚያ ቁልፍና የመቆለፊያ ቁልፍ መለየት አለባቸው። የመፈረሚያው ቢጠፋ አዲስ ይሰጣል፤ የድሮ ፊርማዎች አሁንም ይመረመራሉ፣ ስለዚህ ቅጂ አያስፈልገውም። ምስጢራዊ ደብዳቤ የሚቆለፍበት ቁልፍ ግን መሥሪያ ቤቱ በጥንቃቄ የሚያስቀምጠው መጠባበቂያ ሊኖረው ይገባል። «መጠባበቂያ ያስፈልጋል» በሚል ሰበብ የመፈረሚያውንም ሰብስቦ መያዝ ነው የማይፈቀደው።

«የተፈረመ ውሸትስ?» አዎ፣ ዲጂታል ፊርማ ደብዳቤው እውነት ስለመናገሩ ዋስትና አይሰጥም። ማን እንደተናገረውና እንዳልተነካካ ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። ነገር ግን በአገራችን ግማሹ ጣጣ «እኔ አላልኩም» ከሚለው የሚመጣ ነው። ያንን ካስቀረልን ትንሽ አይደለም።

🔹 ቡናውስ?

ጉዳዩ የቢሮ ብቻ አይደለም። የካፋ የደን ቡና ስሙ ከአገር የወጣ ነው፤ ዩኔስኮም በ2010 እ.ኤ.አ. የካፋን ጫካ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ቡናውን ለውጭ ገዢ በቀጥታ የሚሸጥ ማኅበር ወይም ላኪ ውሉን፣ የናሙና ውጤቱን፣ የክፍያ መጠየቂያውን የሚልከው በኢሜይል ነው። አጭበርባሪዎች በዓለም ዙሪያ የሚያደርጉት ደግሞ ይታወቃል፤ በሻጩ ስም ኢሜይል ይጽፉና «የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል» ይላሉ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ በዚህ ዓይነት ማታለል የጠፋ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ሪፖርት ደርሶታል። አንድ ኮንቴይነር ቡና ለአንድ ማኅበር የዓመት ልፋት ሊሆን ይችላል። ገዢው «ያልተፈረመ የሒሳብ ለውጥ አንቀበልም» ካለ ሌባው ይቸገራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የጀርመን ገዢ ኮምፒውተር ፊርማውን የሚያምነው የሰጪው ሥር በፕሮግራሙ የእምነት ዝርዝር ውስጥ ካለ ብቻ ነው። አገራዊው ሥር እዚያ ዝርዝር ውስጥ ካልገባ የእኛ ፊርማ ለገዢው «ያልታወቀ» ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ ላኪዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ ከታወቀ ሰጪ መውሰድ አለባቸው፤ የአገር ውስጥ ደብዳቤ በአገራዊው ይሂድ። ሁለቱን ማምታታት ዋጋ ያስከፍላል።

🔹 ከየት ይጀመር?

ሁሉንም በአንድ ቀን ማለት ምንም አለመጀመር ነው። ሁለት ቦታ ይበቃል። አንደኛ፣ በአራቱ የክልል መቀመጫዎች መካከል የሚመላለሰው ደብዳቤ፤ ፈራሚዎቹ የሚቆጠሩ ናቸው፣ ችግሩም እነሱ ጋ ነው። ሁለተኛ፣ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ፤ የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቱ ስለ ተመራቂዎች ማስረጃ ትክክለኛነት ለሚጠይቁት ቀጣሪዎች በተፈረመ ኢሜይል ይመልስ። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ አገር ባስቸገረበት ጊዜ ለቦንጋ ልጅ እውነተኛ ዲግሪ ከዚህ የተሻለ ጠበቃ የለም። የኮምፒውተር መምህራኑና ተማሪዎቹም እዚያው ስላሉ ለቢሮዎቹ ሥልጠናውን መስጠት ይችላሉ።

ለእነዚህ ሁለቱ የሚያስፈልገው አዲስ ሕግ አይደለም። አንድ በትክክል የተሠራ ድረ ገጽ፣ አራት ኃላፊነት የሚሰማቸው መዝጋቢዎችና አንድ ግልጽ መመሪያ ነው፦ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ይወለዳል፣ ሰውየው በአካል ይታወቃል፣ በተነሳበት ዕለት ይሰረዛል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶች። በፎቶ ያለውስ? እሱ ይቆረጣል፣ ይለጠፋል። ድረ ገጹ የተከፈተ ዕለት ሪባን ሲቆረጥ ጭብጨባ ይኖራል፤ ከጭብጨባው በፊት ግን ከእናንተ አንዱ እጁን አውጥቶ ያችን የድሮ ጥያቄ ይጠይቅልን፦ ማኅተሙ በማን እጅ ነው?

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በየመሥሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ እንዴት እንደሚላክ፣ ምን እንደሚያስቸግር በአስተያየት መስጫው ጻፉልን። ጉዳዩ ለሚመለከተው ወዳጃችሁም አጋሩት።